«በዚህ ሙቀት ምን ልትሠራ ወጣህ?»



ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ስለ ወላጆች ሐቅ በተነሳ ቁጥር ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማት አንዲት ትንሽ ቃል አለች፤ «ኡፍ»። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢስራእ 23ኛው አንቀጽ፣ ወላጆቻችን እኛ ዘንድ ሆነው እርጅና ሲደርስባቸው ይህችን ቃል እንኳ እንዳንላቸው ከልክሎናል። እኔ ይህን አንቀጽ በልጅነቴ ነው የቀራሁት። አባቴን ደግሞ «ኡፍ» ብዬው አላውቅም። ስለዚህ አንቀጹ በተነበበ ጊዜ ሁሉ ስለ ሌላ ሰው የሚናገር ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ሰመር ግን በአንድ የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣ በጓደኛው ፊት፣ ከ«ኡፍ» የከበደ ነገር ተናገርኩት። ያናገረኝም ክፋት አልነበረም፤ ለእሱ ያለኝ ስጋት ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሰውን ከጉዳት መጠበቅና ሰውን ማክበር አንድ ነገር ናቸው ወይ?

አባቴ የታክሲ ሹፌር ነበር። ዋሽንግተንና አካባቢዋን 26 ዓመት ነድቶ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በ67 ዓመቱ ጡረታ ወጣ። እሱና እናቴ የሚኖሩት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ በአንድ አፓርታማ ነው። እናቴ ገና ሥራ ላይ ናት። ሥራዋም የሌሎች ሰዎችን እናትና አባት ቤታቸው ድረስ እየሄደች መንከባከብ ነው። እሷ የሰው ሽማግሌ ስትጦር የእኛው ሽማግሌ ቀኑን ብቻውን ይውላል።

የዚህን አገር ሰመር ታውቁታላችሁ። አባቴ ግን እስከ ዛሬ ሐምሌን «ክረምት» ነው የሚለው። ያደገው ደሴ ነው፤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብና ጉም የሚወርድባት ከተማ። እኛ በላብ ርሰን ሳለ «ዘንድሮ ክረምቱ ከበደ» ሲል ታናሽ እህቴ ሁሌም ትስቃለች።

የእኔ ሥራ የሕንጻዎችን ማቀዝቀዣና ማሞቂያ መንደፍ ነው። ስለዚህ ሙቀትን በቁጥር ነው የማስበው። ሰውነታችን በሙቀት ጊዜ ራሱን የሚያበርደው በዋናነት ላብ ሲተን ነው። አየሩ እንደ ዋሽንግተን ሰመር በእርጥበት ሲሞላ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ እንደ ልብ አይተንም። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ማላብም ይቀንሳል፣ የጥማት ስሜትም ይደክማል። ሰውነቱ ውሃ እየፈለገ ሰውየው «አልጠማኝም» ይላል። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች፣ በተለይ ሽንት የሚያበዙት፣ አደጋውን ይጨምሩታል። አባቴ ከእነዚህ አንዱን ይወስዳል። ይህን ሁሉ ስለማውቅ በስልኬ የማየው ቴርሞስታት ቤታቸው ገጠምኩ። ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ሳሎናቸው ስንት ዲግሪ እንደሆነ አያለሁ፤ ካስፈለገም አስተካክላለሁ። ሐቃቸውን የተወጣሁ መሰለኝ።

አባቴ ግን ሳሎን አይገኝም። ሱብሒን ሰግዶ ትንሽ ይተኛል፤ ከዚያ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ይወጣል። የከተማው አውቶቡስ ዳሽ ከ2021 ጀምሮ ክፍያ የለውም፤ አባቴ ደግሞ ነጻ ነገር አያሳልፍም። መጀመሪያ ከድሮ የታክሲ ጓደኞቹ ጋር ማኪያቶ ይጠጣል። ቀጥሎ ዱክ ስትሪት ላይ ያለው የቢትሊ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ጋዜጣ ያገላብጣል። ዙህርን መስጊድ በጀማዓ ይሰግዳል። ሲመለስ ሐበሻ ሱቅ ጎራ ብሎ አንድ ነገር ይገዛል። አንድ ነገር ብቻ! አንድ ቀን ቃሪያ፣ በማግስቱ ሎሚ፣ በሦስተኛው ቀን አንድ እስር ጎመን።

አንድ ጊዜ ፍሪጁን ከፍቼ ሦስት እስር ጎመን አገኘሁና «አባባ፣ የሳምንቱን በአንዴ ለምን አትገዛም? ከፈለግክ እኔ በስልክ አዝዤ በር ድረስ አስመጣልሃለሁ» አልኩት። «ሁሉንም ዛሬ ከገዛሁ ነገ ምን ብዬ እወጣለሁ?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። የውጪው ሙቀት 97 ፋረንሃይት፣ በሴንቲግሬድ 36 ደርሶ ነበር። ደወልኩ፤ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ አያነሳም። ስብሰባ አቋርጬ ወጣሁና የሚሄድበትን መንገድ ተከትዬ እየነዳሁ ፈለግኩት። አንድ የአውቶቡስ ፌርማታ ጥላ ሥር አገኘሁት። እኛ «ሐጂ» እያልን ከምንጠራቸው ጓደኛው ጋር ተቀምጦ ያወራል። የውሃ ጠርሙስ በእጁ፣ ፌስታሉ በጉልበቱ ላይ ነው። ስልኩ መስጊድ ሲገባ ድምፁን እንዳጠፋው ቀርቷል።

መኪናዬን አቁሜ ወረድኩ። ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም፣ ሐጂ እየሰሙ፣ ጮክ ብዬ «አባባ፣ በዚህ ሙቀት ምን ልትሠራ ወጣህ? ምን ሥራ አለህ?» አልኩት።

አልመለሰልኝም። ፌስታሉን አንስቶ መኪናው ውስጥ ገባ። ሐጂንም አሳፍሬ ቤታቸው አደረስኳቸው። እስክንለያይ ድረስ ከሰላምታና ከአካሄድ ጥያቄ በስተቀር ማንም አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ አባቴ ታዘዘኝ። አሥራ አንድ ቀን ከቤት አልወጣም። ስልኬ ላይ ሳሎኑ ሁልጊዜ 74 ዲግሪ ያሳያል፤ ለጤናው የሚስማማ ቁጥር ነው። እኔም ተረጋጋሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሐጂ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ አባትህ ታሟል እንዴ? ከሶፍ ጠፋ» አሉኝ። «ደህና ነው ሐጂ፣ በሙቀቱ ምክንያት ነው» አልኳቸው። የዚያን ማታ እናቴን ስጠይቃት ግን «ጸጉሩን ማበጠር ትቷል። ስወጣ በለበሰው ፒጃማ ስመለስ አገኘዋለሁ» አለችኝ። ቴርሞስታቱ ይህን አልነገረኝም።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የራሴን ጥያቄ መመርመር ጀመርኩ። «ምን ሥራ አለህ?» ማለት ምን ማለት ነው? ወላጆቻችን ባደጉበት አገር ሰው ሲተዋወቅ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ? አገርህ የት ነው?» እየተባለ ነው። እኛ ባደግንበት አገር የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ትሠራለህ?» ነው። ይህን ጥያቄ ከመልመዳችን የተነሳ ሚዛን አድርገነዋል። ሥራ ያለው ሰው መውጫ ምክንያት አለው፣ የሌለው ግን ቢቀመጥ ምንም አይጎድልበትም ብለን እናስባለን። እኔ አውላላ ሜዳ ላይ፣ በዚያው 97 ዲግሪ፣ የግንባታ ቦታ ለማየት ብወጣ ማንም «ምን ልትሠራ ወጣህ?» አይለኝም። ደመወዝ አለበታ! አባቴ ለጀማዓ ሶላትና ለአንድ እስር ጎመን ሲወጣ ግን እብደት ሆነብኝ።

እዚህ ላይ አንዳችሁ «ሙቀቱስ? ቢወድቅ ኖሮስ?» ትሉ ይሆናል። ትክክል ናችሁ። ሙቀት በእርግጥ ይገድላል፤ ነፍስን መጠበቅም ከሸሪዓችን ታላላቅ ዓላማዎች አንዱ ነው። ስጋቴ ስህተት አልነበረም። ታዲያ ስህተቱ የት ላይ ነው?

መልሱን በከፊል ያገኘሁት ከሙያዬ አካባቢ ነው። በሐምሌ 1995 እ.ኤ.አ. ቺካጎን ከባድ ሙቀት መታት። ሙቀቱ እስከ 106 ፋረንሃይት (41 ሴንቲግሬድ) ደርሶ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ከወትሮው በላይ 739 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። ኤሪክ ክላይነንበርግ የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ጉዳዩን መርምሮ በ2002 መጽሐፍ አሳትሟል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሰፈሮችን አነጻጸረ። በሁለቱም ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ድሃ አረጋውያን አሉ፤ ሙቀቱም አንድ ነው። በአንደኛው የሞተው ሰው ብዛት ግን ከሌላኛው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ብዙ ሰው የሞተበት ሰፈር ሱቁ የተዘጋ፣ ሰው የሸሸው፣ ሽማግሌዎች ወደ ውጪ ለመውጣት የሚፈሩበት ነበር። ጥቂት ሰው የሞተበት ሰፈር መንገዱ በሰው የተሞላ፣ ሱቁ ቅርብ ነበር። ሽማግሌዎቹ ለትንሽ ነገር ወጣ ይላሉ፣ በበረደ ሱቅ ውስጥ ይቆያሉ፣ ከሰው ይነጋገራሉ።

ይህን ሳነብ ወደ አእምሮዬ የመጣው ያ አንድ እስር ጎመን ነበር።

አውሮፓ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ የነሐሴ 2003ን ሙቀት ከታላላቆቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። በፈረንሳይ ብቻ ወደ 15,000 ሰው ሞተ፤ አብዛኛው አረጋዊ ነበር። ወሩ ቤተሰብ ሁሉ ለዕረፍት ከከተማ የሚወጣበት ወር ነው። በመስከረም መጀመሪያ፣ ዘመድ ሳይጠይቃቸው የቀሩ 57 ሟቾች ፓሪስ አጠገብ በቲዬ መካነ መቃብር ሲቀበሩ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ ተገኝተው ነበር። እነዚያ ሰዎች ከመሞታቸው በፊትም ቢሆን «የት ጠፋህ?» የሚላቸው አልነበረም ማለት ነው። አባቴን ግን ሐጂ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ፈልገውታል። እኔ በጥበቃ ስም ልቆርጠው የነበረው ይህንን ገመድ ነው።

ሌላው የመልሱ ክፍል ያገኘሁት ከሐዲስ ነው። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) እንዳወሩት፣ በአንድ ጉዞ ላይ ሙአዚኑ ለዙህር አዛን ሊል ሲነሳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እስኪበርድ እንዲያቆይ አዘዙት። ቆይቶ እንደገና ሲነሳም አሁንም እንዲያበርድ ነገሩት፤ የጉብታዎቹ ጥላ መሬት ላይ እስኪታይ ድረስ ቆዩ። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የፊቅሁን ዝርዝር ለዑለሞቻችን እተወዋለሁ። እኔን ያስገረመኝ ግን አንድ ነገር ነው። ሙቀቱ እንደሌለ አልተቆጠረም፤ ጀማዓውም በሙቀቱ ምክንያት አልተበተነም። የተለወጠው ሰዓቱ ነው።

በእኛ ሙያ ይህ በጣም የታወቀ ዘዴ ነው። ከሰዓት በኋላ የሁሉም ቤት ኤሲ በአንድ ጊዜ ሲሠራ የኤሌክትሪክ መረቡ ይጨነቃል። ስለዚህ አንዳንድ ትልልቅ ሕንጻዎች ላይ ሌሊት በረዶ ሠርተን እናስቀምጥና ቀን በእሱ እናበርዳለን። ሕንጻውን አንዘጋውም፤ ጭነቱን ከከባዱ ሰዓት ወደ ቀላሉ ሰዓት እናዛውራለን። ለመስታወትና ለብረት ይህን ያህል ስጨነቅ፣ ለአባቴ ያገኘሁት መፍትሔ ግን መዝጋት ብቻ ነበር።

በሲራ መጻሕፍት ውስጥ ደግሞ የአቡበክር (ረ.ዐ.) አባት የአቡ ቁሓፋ ታሪክ አለ። መካ በተከፈተች ጊዜ አቡበክር ያረጁና ዓይናቸው የጠፋ አባታቸውን ይዘው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጡ። ነቢዩ ሽማግሌው እቤታቸው ሆነው እሳቸው ራሳቸው ሊሄዱላቸው ይፈቅዱ እንደነበር ገለጹ፤ አቡበክር ደግሞ አባታቸው ወደ ነቢዩ መምጣታቸው የተገባ እንደሆነ መለሱ። አንደኛው ወደ ሽማግሌው ሊሄድ ይፈልጋል፣ ሌላኛው ሽማግሌውን ይዞ ይመጣል። እኔ ከሁለቱ አንዱንም አላደረግኩም ነበር። አልሄድኩለትም፤ ይዤውም አልሄድኩም። ስልኬን ብቻ ነበር የማየው።

በማግስቱ ከመግሪብ በኋላ ሄድኩ። አጠገቡ ተቀምጬ «አባባ፣ አውፍ በለኝ» አልኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ትንሽ ዝም አለና «ልጄ፣ ሙቀቱን እኔም አውቀዋለሁ። እዚያ ስሄድ ግን አንድ ቀን ብቀር የት ጠፋህ የሚለኝ አለ። ቤት የተቀመጠ ሰው ቢጠፋም አይታወቅም» አለኝ። ቀጥሎ «ደግሞ በሐጂ ፊት ባትናገረኝ ጥሩ ነበር» አለ። ከሁሉም የከበደኝ ይህ የመጨረሻው ነው። በሚቀጥለው ጁሙዓ ሐጂ ባሉበት እጁን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኩት።

ከዚያ አብረን ሰዓት ቀየርን። ማኪያቶው ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ሆነ። ቤተ መጻሕፍቱም መስጊዱም ኤሲ ስላላቸው ቀትሩን በእነሱ ይውላል፤ ሐበሻ ሱቁ ከዐስር በኋላ ሆነ። ስለ መድኃኒቱ ሐኪሙን አብሬው ሄጄ ጠየቅኩ። ውሃውን ሳይጠማውም እንዲጠጣ ተስማማን፤ ስልኩን ከመስጊድ ሲወጣ ድምፁን እንዲመልስ ቃል ገባ። እሱን ግን አሁንም ይረሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔም አብሬው እወጣለሁ።

አብሬው ስወጣ ያየሁት ነገር አለ። ሐጂ ዓይናቸው ስለደከመ ከመንግሥት የሚመጣላቸውን ደብዳቤ አባቴ ነው የሚያነብላቸው። በቅርቡ ባለቤቱ የሞተችበት አንድ ሰውዬ አለ፤ ማኪያቶ ቤት የሚመጣው አባቴ እየደወለ ስለሚያወጣው ነው። ይህን ሳይ «ለካ ሥራ አለው!» ብዬ ደስ አለኝ፤ እዚህ ልጽፈውም ቸኮልኩ። ከዚያ ግን ደነገጥኩ። አሁንም በዚያው በአሮጌው ሚዛን እየመዘንኩት ነው። ማንንም ባይረዳስ? ደብዳቤ ባያነብስ? ከጓደኛው ጋር ዝም ብሎ ጥላ ሥር ቢቀመጥ ለመውጣቱ ምክንያት አይበቃም ነበር? ይበቃል። የአባቴ ክብር እኔ በሰጠሁት ማስረጃ የሚጸድቅ አይደለም። አላህ የአደምን ልጆች አክብሯል፤ ክብሩን ደግሞ ከደመወዝ ወረቀት ጋር አላያያዘውም።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ብዙዎቻችን ወላጆቻችን ሌት ተቀን የሠሩት እኛ እንድንማር ነው። አሁን እነሱ ጡረታ እየወጡ ነው፤ እኛ ደግሞ የተማርነውን ይዘን ቁጥራቸውን እንቆጣጠራለን፤ ስኳራቸውን፣ ግፊታቸውን፣ የቤታቸውን ዲግሪ። ይህ መልካም ነው፤ አትተዉት። በዚህ ሰመር እነሱ ዘንድ ያልደወለ ካለ ይደውል፤ ኤሲው መሥራቱን ያጣራ፤ ግራ የመጋባት ወይም ራስን የመሳት ምልክት ካየ ሳይዘገይ አምቡላንስ ይጥራ። ነገር ግን ጥበቃችን እዚያ ላይ ካበቃ፣ ሰውን እንደ ዕቃ በበረደ መጋዘን አስቀምጠናል ማለት ነው። «አትውጣ» ከማለታችን በፊት «ስንት ሰዓት ብንወጣ ይሻላል?» ብለን እንጠይቅ። በአንዱ ቅዳሜ ደግሞ በእነሱ እርምጃ ልክ፣ ቀስ ብለን፣ ስልካችንን ኪሳችን ከትተን አብረናቸው እንሂድ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሐበሻ ሱቅ ስንወጣ ፌስታሉን እኔ ያዝኩለት። ከአንድ ሎሚ በስተቀር ምንም አልነበረበትም። «ኡፍፍ፣ ክረምቱ ከበደ» አለ አባቴ ግንባሩን እየጠረገ። እሱ ለሙቀቱ ሲላት ደስ የምትል ቃል ናት።

አላህ (ሱ.ወ.) ለወላጆቻችን ዓፊያና ረጅም ዕድሜ ይስጥልን፤ ላለፉትም ይዘንላቸው። እኛንም ሐቃቸውን በሚወዱት መንገድ ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ